ለልጃችሁ የቤት ውስጥ የስፒች ልምምድ የቱ ይሻላል? ወረቀት፣ አፕ ወይስ ኤአይ

ስፒች ቴራፒ (የንግግር ሕክምና) የሚከታተል ልጅ ቴራፒስቱን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። የቀረው ሳምንት የእናንተ ነው። ምላስና ከንፈር አዲስ እንቅስቃሴ የሚለምዱት በድግግሞሽ ስለሆነ ቴራፒስቱ «ቤት ውስጥ አለማምዱት» የሚለው ለወጉ ያህል አይደለም። ግን ማታ እናንተ ደክማችሁ፣ ልጁ ተነጫንጮ፣ ቴራፒስቱ የሰጠውን የሥዕል ወረቀት ማውጣት ራሱ ጭንቅ ነው። ልክ በዚህ ሰዓት «ልጅዎ ከኤአይ ጋር እየተጫወተ አጥርቶ ይናገራል» የሚል ማስታወቂያ ስልካችሁ ላይ ብቅ ይላል።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ለቤት ልምምድ ጥሩ ረዳት ነው። የልጃችሁን ድምፅ ሰምቶ «ትክክል»፣ «ስህተት» ብሎ እንዲፈርድ ግን አልመክርም። ቃላት ያዘጋጅላችሁ፣ ተረት ይፍጠርላችሁ፣ ልጁን ያጫውትላችሁ። ዳኛው የሰው ጆሮ ይሁን፤ የቴራፒስቱ፣ ወይም ቴራፒስቱ ያሠለጠነው የእናንተ ጆሮ። አማራጮቹን የማወዳድረው በዚህ መለኪያ ነው።

መጀመሪያ፣ ልጁ የሚለማመደው ምንድን ነው?

ሁለት ልጆች አንድ ቴራፒስት ጋር እየሄዱ ፈጽሞ የተለያየ ነገር ሊለማመዱ ይችላሉ። ጎረቤት የመከረችው አፕ ለእናንተ ልጅ የማይሆነውም አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

አንዱ ልጅ ኮልታፋ ነው። «በራ» ለማለት «በላ» ይላል፣ «ሰው» ለማለት «ተው» ይላል። የሚናገረው ሞልቶለታል፤ ያልተስተካከለው ድምፁ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ብዙ ድግግሞሽ ይጠቅመዋል፤ አፕም ሆነ ኤአይ ዋናው ቦታቸው እዚህ ጋ ነው። ዕድሜውንም እዩ። ሻሪን ማክሊዮድ እና ካትሪን ክሮው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ዳሰሳ 27 ቋንቋዎችን የሚመለከቱ ጥናቶችን ሰብስበው አይተዋል። ልጆች 5 ዓመት ሲሞላቸው አብዛኞቹን ተነባቢ ድምፆች መጥራት እንደሚችሉም አግኝተዋል። ስለዚህ የ3 ዓመት ልጅ «ረ» አስቸገረው ብላችሁ አፕ ለመግዛት አትሩጡ፤ መጀመሪያ ቴራፒስት ይየው።

ሌላው ልጅ ንግግሩ ራሱ ዘግይቷል። ቃላቱ ጥቂት ናቸው፣ ወይም ሁለት ቃል አያያይዝም። ለዚህ ልጅ የሚያስፈልገው አብሮት የሚያወራ ሰው ነው። ፓትሪሺያ ኩል እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ብዙ ይናገራል። 9 ወር ገደማ የሆናቸው አሜሪካውያን ሕፃናት አብሯቸው ከሚጫወት ሰው የማንዳሪን ቻይንኛ ድምፆችን መለየት ተማሩ። ያንኑ ሰው በቪዲዮ ያዩት ሕፃናት ግን አልተማሩም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ስክሪን ፊት የሚቀመጡት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ንግግሩ ለዘገየ ትንሽ ልጅ ታብሌት ሰጥቶ «ከኤአይ ጋር አውራ» ማለት እኔ በፍጹም የማልስማማበት ነገር ነው። ኤአዩን እናንተ ተጠቀሙበት፤ «ልብስ ስናለብስ፣ ስናጥብ፣ መንገድ ላይ ስንሄድ ምን ምን ቃላት ላለማምደው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ ስልኩን አስቀምጡና ከልጁ ጋር አውሩ።

ስለ መንተባተብ አጭር ነው የምለው። እያንዳንዱን መሰናከል እየቆጠረ ቀይ ምልክት የሚያሳይ አፕ ቴራፒስቱ ካላዘዘው አይግባ። አውስትራሊያ ውስጥ ተጀምሮ ብዙ ቦታ የተስፋፋው የሊድኮምብ ፕሮግራም ለትናንሽ ልጆች ሕክምናውን በወላጅ በኩል ይሰጣል። ወላጁ ግን መቼ ምን እንደሚል ከቴራፒስቱ እየተማረ ነው፤ አብዛኛው አስተያየትም ሳይንተባተቡ ለተናገሩት የሚሰጥ ምስጋና ነው። እዚያ ውስጥ ያለውን የድምፅ ቃና፣ ልጁ ሲከፋው ወዲያው ማቆምን፣ ማሽን አያውቀውም።

የንግግር አፕራክሲያ ያለበት ልጅ ደግሞ ሊል የፈለገውን ያውቃል፤ አንጎሉ እንቅስቃሴውን አቀናብሮ ለአፉ ማዘዝ ላይ ነው የሚቸገረው። አንዱን ቃል ሦስቴ ቢለው ሦስት ዓይነት ሊወጣ ይችላል። ቴራፒስቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ቀስ ብሎ አብሮት እየተናገረ፣ አንዳንዴም አገጩን በእጁ እየመራ ነው የሚያሠራው። ይህን አፕ አይተካውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የመስማት ምርመራ። ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ የተጠራቀመበት ልጅ ድምፆችን አጥርቶ ላይሰማ ይችላል። ያልሰማውን ድምፅ ምንም አፕ አያስተምረውም።

ወረቀቱ፣ መስታወቱና የስልክ መቅጃው

አዲስ ነገር ስላልሆነ ይናቃል እንጂ አሁንም በጣም ጠንካራ አማራጭ ነው። ቴራፒስቱ ለልጃችሁ ብሎ የመረጣቸው ቃላት አሉበት። ልጁ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ቴራፒስቱ ያውቃል፤ ድምፁን ለብቻው ነው፣ በክፍለ ቃል ነው፣ በቃል ነው፣ ወይስ በዓረፍተ ነገር? ልጁ መስታወት ፊት ሲቆም ምላሱ የት እንዳለች ያያል። ስልኩ ላይ የተቀዳውን ሲሰማ ራሱን ማረም ይጀምራል፤ የራስን ስህተት መስማት መቻል ደግሞ ትልቅ እርምጃ ነው።

ድክመቱ መሰልቸት ነው። ያው ሥዕል፣ ያው ቃል፣ ለሳምንታት። ብዙ ቤት ልምምዱ የሚቋረጠውም እዚህ ላይ ነው፤ ኤአይ በእውነት የሚያግዘውም እዚሁ ላይ ነው።

ኤአይ የሌለው ተራ የልምምድ አፕ

ሥዕል ያሳያል፣ ቃሉን ይጠራል፣ ይቀዳል፣ ትክክል መሆን አለመሆኑን እናንተ ትነካላችሁ። ፍርዱን ለእናንተ ስለሚተወው እወደዋለሁ። አብዛኞቹ ግን የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ለሚለማመድ ልጅ ሥዕሎቹ ሊጠቅሙ ይችላሉ፣ ቃላቱ ግን አይጠቅሙም፤ የእንግሊዝኛው «አር» እና የእኛ «ረ» በምላስ አቀማመጥም አንድ አይደሉም። የራሳችሁን ሥዕልና ድምፅ ማስገባት የሚፈቅድ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ።

ነጥብ የሚሰጠው የኤአይ አፕ

ማስታወቂያው የሚበዛው ለዚህኛው ነው፤ እኔም ረዘም አድርጌ የማየው ይህንኑ ነው። ልጁ ቃሉን ይላል፣ አፑ ይሰማል፣ ኮከብ ይሰጣል ወይም «እስቲ ድገመው» ይላል። ልጆች ይወዱታል። አንዴ ሲጀምሩት ወላጅ ሳይለምናቸው ሠላሳ አርባ ቃል ሊሉ ይችላሉ። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

አሁን ከጀርባው ምን እንዳለ እንይ። ንግግርን የሚያውቁ ሥርዓቶች በብዛት የሠለጠኑት በአዋቂዎች ድምፅ ነው። የልጅ ጉሮሮና አፍ ትንሽ ነው፣ ድምፁ ቀጭን ነው፣ አነጋገሩም ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው ይለዋወጣል። በዚህ ምክንያት የልጆችን ንግግር ሲሰሙ የሚሳሳቱት ከአዋቂው ይልቅ ይበዛል፤ የንግግር ችግር ያለበት ልጅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ሁለተኛው ችግር ይበልጥ ስውር ነው። እነዚህ ሥርዓቶች ብዙዎቹ የተሠሩት ሰው ሊል የፈለገውን ለመገመት ነው። ጥሬውን ድምፅ ብቻ አያዩም፤ የትኛው ቃል ሊሆን እንደሚችልም ያሰላሉ። መልእክት በድምፅ ስትጽፉ ይህ ጥሩ ነው፣ አፋችሁ ቢያዳልጥም ያስተካክልላችኋል። ለሚለማመድ ልጅ ግን ይህ መጥፎ ነው። ልጁ «በላ» ሲል አፑ የሚጠብቀው «በራ»ን ስለሆነ «ጎበዝ!» ሊለው ይችላል። ልጁም የተሳሳተውን ድምፅ በኮከብ እየተሸለመ መቶ ጊዜ ይደግማል። ድግግሞሽ ደግሞ ትክክለኛውን ብቻ ሳይሆን ስህተቱንም ያጠነክራል።

ተቃራኒውም አለ፤ ልጁ አስተካክሎ እያለ ቴሌቪዥን ስለተከፈተ ብቻ «ድገመው» ይለዋል። እየሞከረ ያለ ልጅ በዚህ ተስፋ ይቆርጣል።

ሦስተኛው ነገር፣ አፑ በትክክል ቢፈርድም እንኳ የሚነግረው ውጤቱን ነው። «ምላስህን ከጥርስህ ጀርባ አድርግና አየሩን ቀስ ብለህ ልቀቅ» የሚለው ቴራፒስቱ ነው። ድምፁን ገና ማውጣት ላልቻለ ልጅ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ «ስህተት» የሚለውን እማ ከጓደኞቹም ይሰማዋል።

አማርኛ ላይ ሲደርስ ጉዳዩ ይከብዳል። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ እንግሊዝኛ ውስጥ እንደ ራሳቸው ድምፅ የሉም። በእንግሊዝኛ ብቻ የሠለጠነ ሥርዓት «ጠፋ» እና «ተፋ»ን ይለያል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ፈተና ስጡት። ልጁ በሌለበት፣ የልጁን ስህተት እናንተ ራሳችሁ አስመስላችሁ ተናገሩ። አሥር ቃል በትክክል፣ አሥር ቃል ደግሞ ልክ እሱ በሚሳሳተው ዓይነት በሉ፤ ቅደም ተከተሉን አደባልቁት። ስህተቱን ለይቶ ካልያዘ ለልጁ ድምፅ ዳኛ አይሆንም። በእናንተ በአዋቂዎቹ ድምፅ ከወደቀ በልጁ ድምፅ ያልፋል ብላችሁ አትጠብቁ። ካለፈም ገና ማረጋገጫ አይደለም፤ ቀጥሎ ልጁ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጣችሁ የአፑን ፍርድ ከራሳችሁ ጆሮ ጋር አስተያዩ። ነጥቡን ማጥፋት የሚቻልበት መቼት ካለው ደግሞ አጥፉትና እንደ ጨዋታ ብቻ ተጠቀሙበት። እኔ ብሆን እንደዚያ ነው የማደርገው።

ቻትቦት፦ ቻትጂፒቲ፣ ጀሚናይና መሰሎቻቸው

ከኤአይ ሁሉ ለቤት ልምምድ ይበልጥ የሚጠቅመው፣ ለእኔ፣ ልጁ ጭራሽ የማያየው ነው። እናንተ ማታ ተቀምጣችሁ የምትጠይቁት ቻትቦት። የወረቀቱን ትልቁን ድክመት፣ መሰልቸቱን፣ ያስወግዳል። ልጁ ዳይኖሰር ይወዳል? የቴራፒስቱ ስምንት ቃላት የገቡበት የዳይኖሰር ተረት ይጽፍላችኋል። መኪና ነው የሚወደው? በየመታጠፊያው አንድ ቃል የሚባልበት የመኪና ጨዋታ ያወጣላችኋል።

አጠያየቁ ወሳኝ ነው። «የስፒች ልምምድ ስጠኝ» ካላችሁት ለማንም የሚሆን፣ ለማንም የማይጠቅም ነገር ይሰጣችኋል። እንዲህ በሉት፦ «‹ረ› በቃሉ መጀመሪያ ላይ ያለባቸው፣ የ5 ዓመት ልጅ የሚያውቃቸው፣ በሥዕል ሊታዩ የሚችሉ 10 የአማርኛ ቃላት ስጠኝ። ‹ለ› ያለበት ቃል አታስገባ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትረሷት። ልጁ «ረ» እና «ለ»ን የሚያምታታ ከሆነ ሁለቱም ያሉበት ቃል ለጀማሪ ይከብደዋል።

የመጣውን ዝርዝር ግን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ቻትቦት አማርኛ ላይ የሌለ ቃል ሊፈጥር፣ ድምፁ መሃል ላይ ያለበትን ቃል መጀመሪያ ላይ ነው ሊል፣ ወይም ልጅ ሰምቶት የማያውቀውን የመጽሐፍ ቃል ሊያመጣ ይችላል። የማይሆኑትን ሰርዙ። የቀሩትን ለቴራፒስቱ አሳዩትና ይመልከታቸው።

ተረቱን ራሱ በድምፅ እንዲያነብላችሁ ግን አልመክርም። አማርኛ ስንጽፍ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አንለይም፤ «አለ» የሚለው «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል»፣ አንባቢው ከዐውዱ ነው የሚያውቀው። ማሽን አንዳንዴ ይሳሳታል። ድምፅ ለሚማር ልጅ የሚሰማው አነጋገር የተጣራ መሆን አለበት፤ እናንተ አንብቡለት፣ ወይም ቴራፒስቱ ቃላቱን ሲጠራ እንድትቀዱት ፈቃድ ጠይቁ።

ቻትቦቱን የማትጠይቁት ነገርም አለ። «ልጄ እንዲህ ይላል፣ ችግሩ ምንድን ነው?» ብላችሁ ምርመራ አታሠሩት። ልጁን አልሰማውም፣ አፉን አላየም፣ ግን ልበ ሙሉ ሆኖ ይመልስላችኋል።

ከቴራፒስቱ ጋር የተያያዘ መድረክ

ቴራፒስቱ ልምምዱን ይጭናል፣ ልጁ ቤት ይሠራል፣ ቅጂው ወደ ቴራፒስቱ ይመለሳል፣ እሱ ሰምቶ የሚቀጥለውን ይወስናል። ኤአይ ቢኖርበትም ሥራው ቅጂዎቹን መደርደርና አጠራጣሪዎቹን ማመልከት ነው። ምርጫው ካላችሁና አቅማችሁ ከፈቀደ እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ይህን ነው። ትልልቆቹ የምርምር ጥረቶችም ወደዚሁ ያዘነበሉ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት በ20 ሚሊዮን ዶላር የተቋቋመው ብሔራዊ የኤአይ ተቋም የተነሳበት ምክንያት የቴራፒስት እጥረት ነው። ያቀደውም ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ቀድሞ የሚለይና የቴራፒስቱን ሥራ የሚያግዝ ሥርዓት መሥራት ነው።

መድረኩ ባይኖርስ? በስልክ የተቀዳ የአንድ ደቂቃ ቅጂ ለቴራፒስቱ መላክም ብዙውን ሥራ ይሠራል። ይቀበል እንደሆነ ጠይቁት።

የልጁ ድምፅ የት ይሄዳል?

የልጅ ድምፅ የግል መረጃ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የሚመለከተው ሕግ የድምፅ ቅጂን የግል መረጃ አድርጎ ነው የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አማዞን አሌክሳ በሚባለው የድምፅ ረዳቱ የተቀዳውን የልጆች ድምፅ ያለገደብ አቆይቷል፣ ወላጆች አጥፉ ሲሉም በአግባቡ አላጠፋም ብሎ ከስሶት፣ ድርጅቱ 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ያን ያህል ትልቅ ኩባንያ እንዲህ ከሆነ ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁት የነጻ አፕ ምን ያደርጋል ብላችሁ ጠይቁ። ቅጂው ስልኩ ላይ ይቀራል ወይስ ይላካል? ኤአይ ለማሠልጠን ይውላል? እናንተ ማጥፋት ትችላላችሁ? መልሱ በግልጽ ካልተጻፈ እለፉት። ቻትቦት ላይም የልጁን ሙሉ ስም፣ ፎቶና የምርመራ ወረቀት አታስገቡ፤ «የ5 ዓመት ልጅ» በቂ ነው።

ታዲያ የትኛውን ልምረጥ?

ልጁ ድምፁን ለብቻውም ቢሆን ማውጣት ካልቻለ፣ ምንም አፕ አትጨምሩ። ወረቀቱ፣ መስታወቱና ቴራፒስቱ ይበቃሉ። ድምፁን ያልያዘ ልጅ ቤት ውስጥ ብዙ ቢደግም የሚደግመው ስህተቱን ነው።

በቃል ደረጃ ከአሥር ስምንት ያህሉን በትክክል ማለት ከጀመረ አሁን ብዛት ያስፈልገዋል። ተራው አፕ፣ የቻትቦቱ ተረቶችና ጨዋታዎች እዚህ ይግቡ። ፈተናውን ያለፈ ነጥብ ሰጪ አፕ ካላችሁም ጊዜው ይህ ነው፤ እናንተ አጠገቡ ሆናችሁ።

በዓረፍተ ነገር ደህና ሆኖ ሲያወራ ግን የሚረሳው ከሆነ፣ አፑን ቀንሱ። ቃል በቃል ስክሪን ላይ መለማመዱ ሥራውን ጨርሷል። ቀሪው ከሰው ጋር ማውራት ነው፤ በስልክ ከአያቱ ጋር፣ ከወንድሙ ጋር፣ ከጓደኞቹ ጋር።

ቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ የምትናገሩ ከሆነ ደግሞ አፑ በሌላው ቋንቋ ስለሆነ ብቻ የቤታችሁን ቋንቋ እንዳትተዉ። ሁለት ቋንቋ መስማት ንግግርን አያዘገይም። ልጁ በየትኛው ቋንቋ ይለማመድ የሚለውን ከቴራፒስቱ ጋር ወስኑ እንጂ አፑ እንዲወስንላችሁ አትፍቀዱ።

ጊዜውና ማቆሚያው

በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ቅዳሜ ከምትደረግ አንድ ሰዓት ይሻላል። ልጁ ሳይራብና ሳያንቀላፋ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ለእሱም ለማይክሮፎኑም ሲባል። ሲሳሳት «አይደለም» ከማለት ትክክለኛውን እናንተ በሉትና እንደገና ይሞክር፤ ሁለት ሦስቴ ሞክሮ ካልሆነለት ወደ ቀላሉ ቃል ተመለሱና በሚችለው ይጨርስ።

ከወር በኋላ ቴራፒስቱን በቀጥታ ጠይቁት፦ «አፑ ላይ ያገኘው ኮከብ እርስዎ ጋር ሲመጣ ይሰማል?» መልሱ «አይ» ከሆነ አፑ እያሻሻለ ያለው አፑን የመጫወት ችሎታውን ነው፣ አቁሙት። ልጁ ከመለማመዱ በፊት ሆዱን ያመመው ከመሰለ፣ ሰው ፊት መናገር መፍራት ከጀመረ፣ ወይም «እኔ መናገር አልችልም» ማለት ካመጣ ደግሞ ወሩ እስኪሞላ አትጠብቁ። በዚያው ቀን አጥፉትና ለቴራፒስቱ ደውሉ።